ማስታወቂያው የማይጠራችሁ ሥራ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ሞጆ ላይ ጮክ ብሎ የሚያወራው የለም።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ በታሪክ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በፍልስፍና፣ በሶሲዮሎጂ፣ በቴአትር የተመረቁ ልጆች ቴምፖአቸውን (ጊዜያዊ ዲግሪያቸውን) በፕላስቲክ ማኅደር ይዘው ወደዚህች ከተማ ይመጣሉ። በባጃጅ ወደ ደረቅ ወደቡ ይወርዳሉ። ከትራንዚት ቢሮዎቹ በር፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆመው ያነባሉ። «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ» ይላል። አንብበው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ ለምን እንደሚያነሣው እስካሁን አልገባኝም።

ከእነዚያ ወረቀቶች አንዳንዶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተመረቅኩት ደግሞ በታሪክ ነው።

ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ። ሰው ሲለቅ ሥራ አስኪያጁ «ቶሎ አውጡና ሰው አምጡ» ይላል። የአምናው ፋይል ይከፈታል፤ ቀኑ ይቀየራል፣ የሚፈለገው ሰው ብዛት ይቀየራል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ያበቃል። በዚህ መሐል «የፍልስፍና ምሩቅ እንዳይመጣብን» ያለ አንድም ሰው የለም። የከለከላችሁ የለም፤ ያስታወሳችሁም የለም። የአምናው ከካቻምናው ተገልብጧል፣ የካቻምናው ከዚያ በፊት ካለው። እየገለበጣችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ትደርሳላችሁ፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁኑ ያለበት ዘመን። እዚሁ ጎረቤታችን ያለው አዳማ ዩኒቨርሲቲ እንኳ በ2003 ዓ.ም. «የሳይንስና ቴክኖሎጂ» የሚል ስም ተጨመረለት። ያኔ ተማሪ የነበሩት ዛሬ የሰው ሀብት ኃላፊዎች ሆነዋል። «ሶሻል የገባው ውጤት ያነሰው ነው» የሚል ወሬ በጆሯቸው እንደቀረ ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ልማድ ነው።

እንግዲህ ከማስታወቂያው ሁሉ ልታነቡት የሚገባችሁ ክፍል የመጨረሻው ነው፤ «ወይም ተዛማጅ» የሚለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ክፍል ብዙም አይጠቅማችሁም። የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ከመጣ ወዲህ ለየመደቡ የሚፈቀደው የትምህርት ዝግጅት ተዘርዝሮ ተቀምጧል፤ መዝጋቢዋ ብታዝንላችሁም ከዝርዝሩ መውጣት አትችልም። ስለዚህ እዚያ ወረፋ ይዛችሁ ፀሐይ አይብላችሁ። በግል ድርጅት ግን «ተዛማጅ» ማለት ኮሚቴው በዚያ ቀን ተዛማጅ ነው ያለው ነገር ነው። ኮሚቴው ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ፣ የሒሳብ ኃላፊዋና እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ ነው፤ ሦስታችንም ምሳ ሳንበላ እንቀመጣለን።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አልፋችሁ ከሆነ ማመልከቻችሁ አናት ላይ ጻፉት። ከግርጌ የሚቀብሩት ብዙ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ግርጌ ድረስ አንወርድም።

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ። ከውጭ የሚያየን ሰው ሞጆን የከባድ መኪና ከተማ አድርጎ ይቆጥራታል። ኮንቴይነር፣ ክሬን፣ ጅቡቲ ደርሶ የመጣ ሹፌር፣ የባቡር ሐዲድ፣ ነፋሱ ሲዞር የሚመጣው የቆዳ ፋብሪካ ሽታ። ይህ ሁሉ አለ። እኔ የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ግን አንድም ብረት አያነሣም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ማንበብና መጻፍ ነው። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ሲመጣ ወረቀት አስከትሎ ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የሥሪት አገር ማስረጃ፣ የባንክ ፈቃድ ሁሉም አለ። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ 480 ካርቶን ብሎ ኢንቮይሱ ላይ 408 ካለ ዕቃው ይቆማል። ዕቃው በቆመ ቁጥር የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማዘግያ ይቆጥራል፤ ባለ ዕቃው ደግሞ ስልክ ላይ ይጮኻል። ያንን 480 እና 408 የሚያየው ማን ነው? በሁለት ዜና መዋዕል መሐል የተምታታ ዓመተ ምሕረት ሲያሳድድ አራት ዓመት የቆየ ሰው ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል «ምንጭህን አመሳክር» እያለ ያስለቀሰን ለዚህ ነበር ለካ።

ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ኤችኤስ ኮድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት የዕቃ አመዳደብ ነው። 21 ክፍል፣ 97 ምዕራፍ አለው፤ 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊት ተብሎ ባዶውን ተቀምጧል። መጽሐፉ ስድስት የአተረጓጎም ደንቦች አሉት። አዎ፣ የአተረጓጎም። የመጀመሪያው ደንብ የክፍልና የምዕራፍ ርዕሶች ለመፈለጊያ ያህል ብቻ እንደሆኑና የሚገዛው የአንቀጹና የማስታወሻው ቃል እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ዕቃ ሁለት ቦታ የሚገባ ሲመስል ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል። መጀመሪያ ይበልጥ የሚገልጸውን ምረጥ ይላል። ካልሆነ ለዕቃው መሠረታዊ ጠባዩን የሚሰጠውን ፈልግ። እሱም ካልተቻለ ከቁጥሮቹ በመጨረሻ የሚመጣውን ያዝ። «የአንድ ነገር መሠረታዊ ጠባይ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የፍልስፍና ልጆች ክፍል ውስጥ ሲጨቃጨቁበት እየሳቅን እናልፍ ነበር። እዚህ ገንዘብ የሚከፈልበት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ አንድ የመጫወቻ ኩባንያ መንግሥትን ከስሶ የኮሚክ መጽሐፍ ገጸ ባሕርያት የሆኑትን የኤክስ-ሜን ምስሎቹን ጉዳይ ፍርድ ቤት አስወስኗል። ዕቃዎቹ ሲገቡ ሰውን የሚወክል አሻንጉሊት 12 በመቶ ይቀረጥ ነበር፣ ሰው ያልሆነ መጫወቻ 6.8 በመቶ። ክርክሩ እነዚያ ገጸ ባሕርያት ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ሆነ፤ ዳኛዋም አይደሉም ብለው ፈረዱ። የገጸ ባሕርይ ትንተና ብሎ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?

ከቢሮአችን አንድ ላሳያችሁ። የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ምሩቅ የሆነች ልጅ አለች። ስትቀጠር ፎቶ ኮፒ እንድታነሣና ፋይል ይዛ ከቢሮ ቢሮ እንድትሮጥ ነበር። አንድ ቀን የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ የጫነ ኮንቴይነር ቆመብን። በየቦርሳው ውስጥ የውኃ ኮዳ፣ የምሳ ዕቃና እርሳስ አለ፤ ቦርሳው ምዕራፍ 42፣ ኮዳውና የምሳ ዕቃው 39፣ እርሳሱ 96። ጥያቄው አራት ዕቃ ነው ወይስ አንድ ስብስብ የሚል ነው። እኛ ነባሮቹ የቆየ ደብዳቤ ገልብጠን ልንልክ ስንል እሷ ደንቡን አንሥታ ምሳ ሰዓቷን አነበበችው። ስብስብ ለመባል ሦስት ነገር እንደሚያስፈልግ አገኘች። የተለያየ ምድብ ያላቸው ቢያንስ ሁለት ዕቃዎች ያሉበት መሆን አለበት፤ ለአንድ ፍላጎት ወይም ተግባር የተሰናዳ መሆን አለበት፤ እንደገና ሳይታሸግ በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚሸጥ መሆን አለበት። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፈች። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብላ አልጀመረችም። አንድ ሕፃን ጠዋት ከቤት ወጥቶ ከሰዓት እስኪመለስ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ በአራት ዓረፍተ ነገር አስቀመጠች፤ ሦስቱን መስፈርት በየተራ አያያዘች፤ ሁሉን የሚሸከመው ቦርሳው ስለሆነ ጠባዩን የሚሰጠው እሱ ነው ብላ ዘጋች። ዕቃው እንደ ስብስብ በቦርሳው ተመደበ። ቀረጡ ወደላይ ሄደ ወደታች ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኮንቴይነሩ ግን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው።

ሁሉም ቢሮ እንዲህ ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ ግን በምን ስም ማስታወቂያ እንደሚያወጣ አያውቅም። «ደብዳቤ የሚጽፍ» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ የለማ።

በራሳችሁ ስም ለመሥራት ከፈለጋችሁ የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሰጠው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው፤ መስፈርትና ፈተና አለው። እስከዚያ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ረዳት ሆኖ መሥራት የተለመደ ነው። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ አልዋሽም። የቤት ኪራይ ከፍላችሁ የሚተርፈው ለሽሮ ነው።

ቋንቋ ላይ ደግሞ ልብ በሉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚጻጻፉት በአማርኛ ነው። የከተማው አስተዳደርና የሉሜ ወረዳ በአፋን ኦሮሞ ይሠራሉ። ከቻይና የመጣው ወረቀት እንግሊዝኛ የሚመስል እንግሊዝኛ ነው። አንድ ጉዳይ በአንድ ሳምንት በሦስቱም ያልፋል። በቁቤ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ በፊደል የሚመልስ፣ በእንግሊዝኛ ለላኪው የሚያስረዳ ሰው ሞጆ ላይ ሥራ አጥቶ አይቀመጥም። ሲቪአችሁ ላይ «ቋንቋ፡ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፤ በጣም ጥሩ» ብላችሁ በአንድ መስመር የምታልፉትን ነገር ነው የምላችሁ። በሦስቱም የጻፋችሁትን አንድ አንድ ገጽ አያይዙ። የሚያያይዝ ሰው አላጋጠመኝም፤ የመጀመሪያው ሁኑ።

ከወደቡ ወጣ ስትሉ ሌላ ሥራ አለ፤ ከሁሉ በላይ ይህኛው ይደበቃል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚሄደውን የፍጥነት መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍል ክፍሉን የደገፈው የተለያየ አበዳሪ ነው። ከሞጆ እስከ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ኮሪያ፣ ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። ደረቅ ወደቡን ለማዘመንም የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 የ150 ሚሊዮን ዶላር የንግድ ሎጂስቲክስ ፕሮጀክት አጽድቋል። የዓለም ባንክን የመሰለ አበዳሪ ገንዘቡን ሲለቅ የሚያስፈርመው ሰነድ አለው። መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ ተቆጥሮ፣ ተጠይቆ፣ ካሳው ተጽፎ፣ ቅሬታው ተሰምቶ ሪፖርት መቅረብ አለበት። አገሪቱም የራሷ ሕግ አላት፤ የመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011። ስለዚህ ከኢንጂነሮቹ ጎን አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መኖር አለበት። በሥራው ቋንቋ «ሶሻል ሴፍጋርድ» ይሉታል። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ ወይም የመሰለውን የተማሩ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ኢንጂነሩ ነው «ተዛማጅ» ያልሆነው።

ሥራውን በቅርብ ላሳያችሁ። ማሳ ዳር ከግራር ሥር ነው የሚሠራው። ቅጹ «የይዞታ ስፋት፣ የባሕር ዛፍ ብዛት፣ የቤት ዓይነት» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ግን ከባሕር ዛፉ አይጀምሩም፤ ከአባታቸው መቃብር ይጀምራሉ። ቀያሹ ሰዓቱን ያያል። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና ትሰማለች፤ ምክንያቱም መቃብሩ መንገዱ ላይ ከሆነ በኋላ ዶዘር የሚያቆመው እሱ ነው እንጂ ባሕር ዛፉ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የሰማችውን ማታ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ታደርጋለች። አባ ገዳዎቹን መጀመሪያ ያላናገረ ኮንትራክተር በሁለተኛው ወር ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ያውቀዋል።

መግቢያው የት ነው? ይህን እንኳ ቀስ ብላችሁ ስሙ። አማካሪ ድርጅቶች ለጨረታ ሲወዳደሩ የባለሙያ ሲቪ ያያይዛሉ፤ እዚያ ላይ ልምድ ስለሚጠየቅ አዲስ ምሩቅ አይገባም። ጨረታውን ካሸነፉ በኋላ ግን ቤት ለቤት የሚጠይቅ መረጃ ሰብሳቢ በቀን አበል ይፈልጋሉ፤ ቶሎ፣ ብዙ፣ ቋንቋውን የሚችል። ያ ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ በስልክ ነው የሚጠራው። ስልካችሁ ማን ጋ እንደሚገኝ ማሰብ የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ የገቡት በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለ ጉዳይ ሆነው ሲመላለሱ በተዋወቁት ሰው በኩል ነው። አንዴ መረጃ ከሰበሰባችሁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ለአሥራ አምስት ቀንም ቢሆን ጠይቁ። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ለሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያም ከመሬታቸው የሚነሡ ገበሬዎች አሉ፤ ይህ ሥራ ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም። ሰው ከመሬቱ በሚነሣበት ቦታ እንጀራ መገኘቱ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ደህና የሚጽፍ ሰው ከሌለ ግን ገበሬው ጭራሽ ይረሳል።

ስለ ቆዳ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ባጭሩ ልበል። ሽታውን ከለመዳችሁ፣ የውጭ ገዢዎች ኦዲተር ሲልኩ የሠራተኛ ፋይሉን፣ የደኅንነት ሥልጠናውን፣ የፍሳሽ ውኃ መዝገቡን የሚያዘጋጅ ሰው ይፈለጋል። የፋብሪካ ፍሳሽ ሞጆ ወንዝን በከለ የሚለው ክስ የቆየ ስለሆነ ጥያቄው እየጠበቀ እንጂ እየላላ አይሄድም። ወደ ቆቃና ባቱ ያሉት የአበባ እርሻዎችም የሠራተኛ ግንኙነት ላይ እንዲሁ ናቸው።

ቴአትርና ጋዜጠኝነት የተማራችሁ አዳማን አትለፉ፤ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ማስተማር የምትፈልጉ ደግሞ በቢኤ ብቻ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል እንደማይገባ እወቁ፤ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ መውሰድ ይጠይቃል። «የተማርኩበትን ካልሠራሁ» ለሚል ደግሞ ብርሃኑ ዘሪሁንን አስታውሳለሁ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ ነው ጋዜጠኛና ደራሲ የሆነው። ከዚያ ወዲህ ማለፍ ከተቻለ ከዚህ ወዲያስ ምን ይከለክላል?

ስለ ወጥመዶቹ ካልነገርኳችሁ ሹክሹክታዬ ጎዶሎ ይሆናል። ፋብሪካ አስገባለሁ ብሎ የመጀመሪያ ወር ደመወዝ ወይም «የፎርም» የሚጠይቅ ደላላ መናኸሪያው አካባቢ አይጠፋም፤ ለእሱ ከምትከፍሉ ለአዳማ ትራንስፖርት ክፈሉት። ትራንዚት ቢሮ ከገባችሁ ደግሞ አንድ ቀን ባለ ዕቃ ቡና ጋብዞ «ይህን ኢንቮይስ ትንሽ ዝቅ አድርገን እንሥራው» ይላችኋል። ስሙ ማሳነስ ነው፤ በሕግ ወንጀል ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚያርፈው ፊርማ የእሱ አይደለም፤ የቢሮው ነው፣ ፋይሉን የያዛችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ቡናውን ጠጡና አይሆንም በሉ። ደንበኛው ቢሄድ ሌላ ይመጣል።

መቼ እንደምትመጡ ልንገራችሁና ልጨርስ። ሰኞ ጠዋት አትምጡ፤ ቅዳሜና እሑድ የተጠራቀመ ኮንቴይነር ስላለ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። ዓርብ ከሰዓትም አይሆንም። በሳምንቱ መሐል፣ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው ግቡ። ፋይሉን ለጥበቃው ትታችሁ አትሂዱ፤ ደብዳቤ ተቀባይዋ እጅ ላይ አድርጉና የገቢ ቁጥር ጠይቁ። በሳምንቱ ስትደውሉ «ሥራ አለ?» አትበሉ። ለእሱ መልሱ «የለም» ነው፤ ከወንበር ሳይነሡ ይመለሳል። «በገቢ ቁጥር ይህን ያህል ያስገባሁት ማመልከቻ ምን ደረሰ?» በሉ። ያንን ለመመለስ ስልኩን ያነሣው ሰው ፋይሉን ማውጣት አለበት፤ ካወጣው ደግሞ ያነበዋል።